አጋቹ ከወጣ በኋላ ወሬኛው እንዳይገባ

ርእሰ አንቀጽ



ስለ ሰፈር ጸጥታ በተሰበሰብን ቁጥር የሚነሣው ነገር ይታወቃል። የመንገዱ መብራት፣ የዘበኞቹ ደመወዝ፣ የፈረሰው አጥር፣ ማታ መንገድ ላይ የሚያመሹ ልጆች። ይህ ሁሉ ሌባን ከውጭ ለመመለስ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን አደጋው አጥሩን አልፎ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ የቀረበ እንደሆነ ጎረቤት ምን ያድርግ? ወጥቶ ከሄደስ በኋላ ጎረቤት ምን ይሁን? በዚህ ሰሌዳ ላይ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው ከእስር ያመለጠ ወይም ፖሊስ የሚያሳድደው ሰው መሸሸጊያ ይፈልጋል። በገጠር ቢሆን ጫካ ይገባ ነበር። በከተማ ግን ጫካው የሰው ቤት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቤት ከገባ በኋላ ቤተሰቡን መያዣ ያደርጋል። ደጁን ለሚያይ ሰው ነገሩ ሁሉ እንደ ወትሮው ነው፤ ውስጡ ግን እስር ቤት ሆኗል። እናት ወጥ የምትሠራው በመሣሪያ ፊት ነው፤ ልጆች ሽንት ቤት የሚሄዱት አስፈቅደው ነው።

እኛ እንደሚመስለን እንዲህ ያለው ቤት ሁለት ጊዜ ይያዛል። መጀመሪያ በመሣሪያ፣ ኋላ በወሬ። የመጀመሪያውን ፖሊስ ያስለቅቃል። ሁለተኛውን ማስለቀቅ የሚችለው ግን ጎረቤት ነው። ይህንን ከራሳችን አፍልቀን የምንናገረው አይደለም፤ በአሜሪካ አገር በአንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰውና በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረው ታሪክ ያስረዳናል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. መስከረም 1952 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር 1945 ዓ.ም. ገብቶ እንቁጣጣሽ በሚከበርበት ሰሞን መሆኑ ነው። በፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት፣ ኋይትማርሽ በሚባል ሰፈር፣ ባልና ሚስት ከአምስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከወህኒ ያመለጡ ሦስት እስረኞች ቤታቸው ገቡና ሰባቱንም ለ19 ሰዓት ያህል አግተው ያዟቸው። ከዚያም ማንንም ሳይጎዱ ወጥተው ሄዱ። በኋላ ከፖሊስ ጋር በገጠሙት ውጊያ ከሦስቱ ሁለቱ ተገደሉ።

የቤተሰቡን ስም እዚህ አንጠራም። ስማቸው በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ እነሱ ራሳቸው የለመኑት ግን እንዳይጠሩ ነበርና ልመናቸውን እኛ እንኳ ብናከብርላቸው ምናለበት?

እስረኞቹ ከሄዱ በኋላ ጋዜጠኞች ደጁን ሞሉት። አባትየው ወጣና እውነቱን ተናገረ። በአክብሮት ነው የያዙን፤ ማንንም አልነኩም፤ ዱላም የሚባል ነገር አልነበረም አለ። ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ተዛወረ። በመጽሔት እንዲወጡ፣ በቴሌቪዥን እንዲቀርቡ የሚጠይቁትን ሁሉ እየመለሰ፣ ልጆቹ እንደ ማንኛውም ልጅ እንዲያድጉ ፈለገ።

ወሬው ግን አብሮ ተዛወረ። ጆሴፍ ሄይስ የተባለ ደራሲ፣ ያመለጡ ሦስት እስረኞች አንድ ቤተሰብ ሲያግቱ የሚያሳይ ልብ ወለድ ጻፈ። በልብ ወለዱ ውስጥ አባትና ልጅ ይደበደባሉ፤ ሴቲቱ ልጅ ነውር ቃል ትሰማለች።  መጽሐፉ ቴአትር ሆነ፤ በ1955 ደግሞ ሃምፍሪ ቦጋርት የሠራበት ፊልም ወጣ።

ነገሩ የተበላሸው ግን በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። «ላይፍ» የተባለው ትልቁ መጽሔት የቴአትሩን ተዋናዮች ኋይትማርሽ ድረስ ወሰዳቸው። ቤተሰቡ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣቸው። በአንዱ ሥዕል ወንዱ ልጅ በእስረኛው እጅ ሲንገላታ ይታያል። በሌላው ልጅቱ የእስረኛውን እጅ ነክሳ ሽጉጡን ስታስጥለው ይታያል። አንባቢው ይህ ቴአትር በዚያ ቤተሰብ ላይ በእርግጥ የደረሰውን የሚያሳይ ነው ተብሎ ተነገረው። ከእነዚህ ነገሮች አንዱም አልተደረገም!

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጽሔቱ ቤተሰቡን አልሰደበም። እንዲያውም ጀግኖች አድርጎ ነው ያቀረባቸው። ታዲያ ምን ጎደለባቸው? የሚል ሰው አይጠፋም። የጎደለባቸው እውነታቸው ነው። አባትየው «አልነኩንም» ብሎ በአገሩ ሕዝብ ፊት የተናገረውን ቃል መጽሔቱ ሻረበት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን በትምህርት ቤት፣ እናቲቱን በገበያ ያገኘ ሰው ሁሉ የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ እነሱን አያይም። የቤተሰቡ ጠበቆች እንዳስረዱት፣ እናቲቱ ያንን የ19 ሰዓት መከራ እንደምንም ተወጥታው ነበር፤ ጤናዋ የታወከው መጽሔቱ ከወጣ በኋላ ነው።

አባትየው ከሰሰ። የጁሪ ሸንጎ መጀመሪያ 75,000 ዶላር ፈረደለት፤ በይግባኝ ታይቶ ካሣው ወደ 30,000 ዝቅ አለ። ነገሩ እየተጓተተ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ችሎት ስለ ቤተሰቡ የተከራከረው ጠበቃ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሪቻርድ ኒክሰን ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1967፣ ማለትም ጥር 1 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ውሳኔው ተነበበ። ፍርዱ ተሽሮ ጉዳዩ ወደ ታች ተመለሰ። የአብዛኞቹን ዳኞች ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ብሬናን ሲሆኑ፣ ሕዝብ ሊያውቀው በሚገባ ጉዳይ ላይ ጋዜጣ ስሕተት ቢጽፍ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መጻፉ ካልተረጋገጠ በቀር ካሣ አይከፍልም አሉ። ዳኛ ፎርታስ ደግሞ ከሁለት ዳኞች ጋር ሆነው፣ ሰው በቤቱ ተከብሮ የመኖር መብቱ እንዲህ መቅለል የለበትም ሲሉ ተቃወሙ።

እንግዲህ እንቍጠረው። እስረኞቹ ቤቱን የያዙት ለ19 ሰዓት ነው። ወሬው ግን ከመከራው ቀን እስከ ፍርዱ ቀን ከ14 ዓመት በላይ ይዟቸው ቆየ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ሰፈር መጽሔት የሚያሳትም የለም፤ ቴአትር ቤትም የለንም። ግን እኮ አያስፈልግም! ድሮ ወሬ ከቡና ወደ ቡና በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ እያንዳንዳችን ካሜራውንም ማሠራጫውንም በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። የአንዲት ሴት ከቤቷ ደጋግፈዋት ስትወጣ የሚያሳይ ምስል በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ከተለቀቀ፣ ገና ፖሊስ ጣቢያ ሳትደርስ ባሕር ማዶ ያለው ዘመዷ አይቷት ያለቅሳል። «ላይፍ» ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የፈጀበትን እኛ በሁለት ደቂቃ እንሠራዋለን።

አሠራሩንም ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ልጅቱ ገርጥታለች» ይላል። ሁለተኛው «ምን ያላደረጓት ነገር አለ ብለህ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ከሐኪም ቤት ሰማሁ» ብሎ ያጸድቀዋል። ወር ሳይሞላ የአንዲት ልጅ ስም ጠፍቷል። ቤተሰቡ «አልነኩንም» ቢል «ገመናቸውን እየሸፈኑ ነው» ይባላል፤ ዝም ቢል «ምን ይበሉ፣ አፍረው እኮ ነው» ይባላል። ቢናገሩም ዝም ቢሉም የማይለቃቸው ከሆነ፣ ይህ ከእገታው በምን ይለያል?

ደግሞ ሌላ አለ። «ለምን አልጮሁም? እኔ ብሆን ኖሮ አንገቱን ይዤ…» የሚል ጀግና በየጠጁ ቤት ሞልቷል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል የለ! በልጁ ራስ ላይ ሽጉጥ የተደቀነበት አባት፣ ጀግንነቱ ዝም ማለት ሊሆን ይችላል። እንግዳውን «አጎታችን ነው» ብሎ ለዘበኛ የመለሰ፣ ለአጋቹ ምግብ ያቀረበች፣ የመኪና ቁልፍ የሰጠ ሁሉ ተባባሪ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም አውቆና ፈቅዶ ወንጀለኛ የደበቀውን፣ በኃይል ተገድዶ ካደረገው ለይቶ ያያል። ሕግ የለየውን እኛ በሐሜት አንደባልቀው።

ከዚህ ቀጥሎ ነገሩ ገና በመካሄድ ላይ ሳለ ማድረግ የሚገባንን እናንሣ። ኡኡታ ሲሰማ ዱላ ይዞ መውጣት የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ስንቱን ሌባም አስጥሏል። ሰው ታግቶ ባለበት ቤት ደጅ ግን ኡኡታና ግርግር የአጋቹን ጣት ቃታ ላይ ያሳድረዋል። ሌላው አገር የደረሰውን ብንመለከት ይበጃል። በለንደን ከተማ፣ ባልኮምብ በሚባል መንገድ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1975 (ኅዳር 26 ቀን 1968 ዓ.ም.) ፖሊስ የሚያሳድዳቸው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር አባላት የሆኑ አራት ሰዎች የባልና ሚስት መኖሪያ ሰብረው ገቡ። ስድስት ቀን ቆዩ። ፖሊስ መንገዱን ዘጋ፤ በስልክ ያነጋግራቸው ጀመር፤ አውሮፕላን ይምጣልን ቢሉ እንቢ አለ፤ አልቸኮለም። በስድስተኛው ቀን ልዩ የጦር ክፍል ሊመጣ መሆኑ በሬዲዮ ተነገረ። ውስጥ ያሉት ሰሙ። መጀመሪያ ሴትየዋን ለቀቁ፣ ከዚያም እጃቸውን ሰጡ። ባልና ሚስቱ በሕይወት ወጡ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትዕግሥት ሰው ያድናል። ሁለተኛ፣ ውጭ የተባለው ውስጥ ይሰማል። በለንደን ይህ የጠቀመው ምን እንደሚነገር የሚያስብበት ሰው ስለ ነበረ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ፣ ቦታው የቤተሰብ ቤት ባይሆንም፣ ፖሊሶች ታጋቾቹ ወዳሉበት ሕንፃ ጣራ ሲወጡ ቴሌቪዥን አሳየ። አጋቾቹም ቴሌቪዥን ነበራቸው። ዕቅዱ ተሰረዘ። እንግዲህ ከበረንዳችን ላይ ሆነን «ፖሊሶቹ በጓሮ በኩል እየገቡ ነው» ብለን በስልካችን ብናሠራጭ፣ የምንነግረው ለማን እንደሆነ አስቡት።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ለነዋሪው ሁሉ ያሳስባል።

1ኛ/ ቀን መስኮቱ የተዘጋ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የቀሩ፣ ቡና ቀርታ የማታውቅ እመቤት በር ገርበብ አድርጋ «ደኅና ነን» ብላ የምትመልስበት ቤት ቢያጋጥማችሁና ልባችሁ ቢጠረጥር፣ አትፍጠጡ፤ በሩንም ደጋግማችሁ አታንኳኩ። እንደ ወትሮው ሰላም ብላችሁ እለፉ። ራቅ ካላችሁ በኋላ ለፖሊስ ደውሉ። ቁጥሩ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል።

2ኛ/ ለፖሊስ የሚጠቅመው ጎረቤት ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ቤቱ ስንት ክፍል ነው? የጓሮ በር አለው? ስንት ሰው ይኖራል? ሕፃን፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ፣ መድኃኒት የማያቋርጥ ሰው አለ? የጋዝ ሲሊንደሩ የት ይቀመጣል? ይህንን ለፖሊስ ብቻ ንገሩ።

3ኛ/ ወደ ታገተው ቤት ስልክ አትደውሉ። ፎቶግራፍም ቪዲዮም አታንሡ። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ቤት አስገቡ፤ መንገዱን ለቀቅ አድርጉ።

4ኛ/ ነገሩ ሲያልፍ ቤተሰቡን እንደ ሐዘንተኛ ቍጠሩት። ዕድራችን ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚደርስ ያውቅበታል። እንጀራውንና ወጡን ይዞ መሄድ፣ ተራ ገብቶ አብሮ ማደር፣ የተሰበረውን በር ማስጠገን፣ የቁልፍ ጋኑን ማስቀየር፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንዴት ሞተ፣ ምን አለ፣ ደም ነበረው ወይ» ብሎ የሚመረምር ሰው ነውረኛ ይባላል። እዚህም ያው ነው።

5ኛ/ እነሱ ካልጀመሩ አትጠይቁ። ከጀመሩ አዳምጡ፤ የሰማችሁትም እዚያው ይቅር። የነገሯችሁን ሌላ ሰው «እውነት ነው ወይ?» ቢላችሁ «እነሱን ተዋቸው» ብላችሁ መልሱ። ይህች አጭር መልስ ብዙ ወሬ ትገድላለች።

6ኛ/ ወር ሲሞላ አትርሷቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይመጣል። ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ልጅ ግን በሦስተኛው ወርም ይደነግጣል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር አንሸሽም። «ሰፈሩ እኮ የሆነውን ማወቅ አለበት፤ ነገ በእኔ ቤት ቢመጣስ?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ሰውየው በየት በኩል እንደገባ፣ የትኛው አጥር እንደ ተሰበረ፣ ዘበኛው በስንት ሰዓት ከቦታው እንዳልነበረ፣ የትኛው መብራት እንደ ጠፋ ማወቅ መብታችን ነው። ማኅበሩም ይህን ከፖሊስ ጠይቆ በዚህ ሰሌዳ ላይ ያወጣል። በመኝታ ቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደ ተባለ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደ ተንበረከከ ግን ለማንም አጥር አይሆንም። ማወቅ የሚገባንን ማወቅ ከሚያምረን እንለይ።

«ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንኳ ለመጽሔቱ ፈርዷል» የሚልም ይኖራል። የአሜሪካ ዳኞች ያሰቡት ጋዜጣ በፍርሃት እንዳይታፈን ነው፤ ይህም ትልቅ ቁም ነገር ነው። በእኛ አገርም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወትና ቤት ያስከብራል፤ የሐሳብ ነጻነትንም እንዲሁ ያስከብራል፤ ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ዳኛ ይመዝናቸው። እኛ ግን ጋዜጣ አይደለንም፣ ጎረቤት ነን። ፍርድ ቤት የማይከለክለውን ሁሉ ጎረቤት ያድርገው ማለት አይደለም። ሐሜት ሁሉ በሕግ አያስቀጣም፤ ቢሆንም እናቶቻችን «ነውር ነው!» እያሉ ነው ያሳደጉን።

ያ ቤተሰብ ከኋይትማርሽ ተነሥቶ ሌላ ክፍለ ግዛት የገባው እስረኞቹን ፈርቶ አይመስለንም። ሁለቱ ሞተዋል። የሸሸው ዐይንን ነው። ከእኛ ሰፈር ግን አንድም ቤተሰብ በእኛ ዐይንና በእኛ ምላስ ምክንያት ጓዙን ጠቅልሎ እንዳይወጣ እንፈልጋለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው የቅርቡ ጎረቤት ገመና ሸፋኝ ሲሆን ነው።

በመሆኑም የየመንደሩ ተጠሪዎች ይህንን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን እንዲያነቡላቸው፣ ወላጆችም ስልክ ለያዙ ልጆቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ከመብራቱና ከዘበኞቹ ደመወዝ ቀጥሎ ይህ ነገር በአጀንዳ ይያዛል። የተለየ ሐሳብ ያለው ነዋሪ መጥቶ ይናገር፤ እናዳምጣለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።

የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ